የቱ የፕራይቬሲ ማሳወቂያ ለየቱ ሥራ? ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ላይ አፕና ካሜራ ለሚሰሩ ንጽጽር

እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ አፕ የሚሰራ፣ የቴሌግራም ቦት የሚያዘጋጅ፣ ለሆቴል ዋይፋይ ለሱቅ ካሜራ የሚገጥም ልጅ በዝቷል፣ ወላሂ ደስ ይላል። የፕራይቬሲ ማሳወቂያው (ከሰው ምን መረጃ እንደምንወስድ የምንነግርበት) ጋ ስንደርስ ግን ሁሉም አንድ ነው፣ ከሆነ የውጭ ሳይት የእንግሊዝኛ ፖሊሲ ኮፒ ይደረጋል፣ የድርጅቱ ስም ይቀየራል፣ ከስር «እስማማለሁ» የምትል በተን ትቀመጣለች፣ አለቀ። ደንበኛው ምን እንደተወሰደበት አያውቅም፣ ባለቤቱም ምን ብሎ እንዳስማማ አያውቅም።

ሌላ አማራጭ ጠፍቶ አይደለም፣ እንዲያውም መብዛቱ ነው ግራ የሚያጋባው። ስክሪን ላይ ብቅ የሚል ፖፕ አፕ አለ፣ አጭር ጽሑፍ አለ፣ ኤስኤምኤስ አለ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አለ፣ በድምፅ የሚነገር አለ። እዚህ የማወዳድረው የቱ ለየቱ እንደሚሆን ነው፣ የማንንም ዕቃ አላሻሽጥም። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፣ ማሳወቂያ ሲመዘን ርዝመቱን ተዉት፣ መረጃው በሚወሰድባት ደቂቃ ለባለቤቱ ደረሰ ወይ፣ ደርሶስ እምቢ ማለት ቻለ ወይ፣ እሱን እዩ።

ሕጉም ቢሆን አሁን የለም አይባልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማን እንደሚሰበስብ፣ ለምን እንደሚሰበስብ፣ ለማን እንደሚያስተላልፍ ለሰውየው መንገር የመጀመሪያው ነገር ነው። እንዴት አድርጋችሁ ትነግሩታላችሁ የሚለው ነው የኛ ጉዳይ።

መጀመሪያ መመዘኛው

አንደኛ ሰዓቱ። መረጃው የሚወሰደው ዛሬ ሆኖ ማሳወቂያው የተነበበው አፑ የተጫነ ቀን ከሆነ ሰው ያስታውሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ይሄ እኛ ጋ በጣም የሚረሳው ነው፣ ማን ነው የሚያየው? ፒያሳ ወርዳችሁ አንድ ስልክ ቤት ቆማችሁ እዩ። ስልኩን ከካርቶኑ የሚያወጣው ሻጩ ነው፣ ቋንቋ የሚመርጠው እሱ፣ ጂሜይል የሚከፍተው እሱ፣ ሎኬሽን ይብራ ወይስ ይጥፋ ተብሎ ሲጠየቅ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ አግሪ» እያለ የሚጫነውም እሱ ነው። ገዢው አባት ዳር ቆመው ብራቸውን ይቆጥራሉ፣ ስልኩ እጃቸው የሚገባው ሁሉም ነገር እሺ ተብሎ ካለቀ በኋላ ነው። እና መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ማሳወቂያ ለማን ደረሰ? ለሻጩ ደረሰ። ሰው በወኪል ወይ በመዝጋቢ የሚመዘገብበት አገልግሎትም እንደዚሁ ነው፣ ስልኩን የያዘው መዝጋቢው ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ስልክ እናትም ልጅም ጎረቤትም ይጠቀሙበታል፣ ልጁ የተጫነው እሺ የእናትየውን መረጃ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛ ቋንቋና ንባብ። ወሎ ማለት አማርኛ ብቻ አይደለም። ከሚሴና ባቲ ኦሮምኛ አለ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩም ይወርዳል፣ አርጎባውም አለ። ያልተማረ ሰውም አለ፣ የተማረ ሆኖ መነጽሩን ቤት የረሳም አለ።

አራተኛ እምቢ ማለት። ይሄን ከሁሉም በላይ አስቀምጡልኝ። «እስማማለሁ» ትልቅና አረንጓዴ፣ «አይ» ደግሞ ትንሽና ግራጫ ከሆነች፣ ወይ ጭራሽ ከሌለች፣ ያ ማሳወቂያ ሳይሆን ማስፈረሚያ ነው። ሎኬሽን የከለከለ ሰው ሰፈሩን በጽሑፍ አስገብቶ መቀጠል ይችላል? ካልቻለ ምርጫ ሰጠሁ አትበሉ።

አምስተኛ ወጪ፣ የእናንተም የደንበኛውም፣ ሰው ዳታ ገዝቶ ነው የሚያነበው። ስድስተኛ ማስረጃ፣ ነግሬዋለሁ ስትሉ የምታሳዩት ነገር አላችሁ ወይ።

ረጅሙ ፖሊሲ እና «እስማማለሁ»

ይሄ የሁሉም ነባሪ ምርጫ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2008 ሁለት ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው አስልተውታል፣ አንድ ሰው የሚጎበኛቸውን ሳይቶች ፖሊሲ በሙሉ ላንብብ ቢል በዓመት 244 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማን ነው ይሄን የሚያደርግ? በሌላ ጥናት ደግሞ 543 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሌለ፣ ለሙከራ የተፈጠረ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዲመዘገቡ ተደረገ፣ ውሉ ውስጥ «የመጀመሪያ ልጅህን ትሰጣለህ» የሚል አንቀጽ ተደብቆ ነበር፣ 98 በመቶው ሳያየው አለፈ። የተማሩ ልጆች ናቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ እንግዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሐይቅ ከተማ ያለ ነጋዴ እንዲያነብላችሁ ነው የምትጠብቁት።

ይጣል አልልም። ዝርዝሩ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት፣ ጠበቃም ተቆጣጣሪም ሲጠይቅ የሚታየው እሱ ነው። በማስረጃነት ጥሩ ነው፣ በማሳወቂያነት ከሁሉም የመጨረሻው ነው። ከኋላ ይቀመጥ።

አጭሩ፣ ተደራራቢው ጽሑፍ

መጀመሪያ አራት አምስት መስመር፣ ከዛ «ዝርዝሩን እይ» ሲባል ረጅሙ ይከፈታል። ምን እንወስዳለን፣ ለምን፣ ለማን እንሰጣለን፣ እስከ መቼ እንይዛለን፣ እንዴት ታስጠፋለህ። አምስቱን በአማርኛ ጻፉ፣ በቃ። ከረጅሙ በጣም ይሻላል፣ ቢያንስ የሚፈልግ ሰው ያነበዋል።

የዚህ ዘመድ የሚባለው አፕ የሚወርድበት ስቶር ላይ ያለው፣ አፑ ምን ዳታ እንደሚወስድ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ነው። አፕል ታኅሣሥ 2013 ላይ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2020 ማለት ነው፣ አፕ ስቶር ላይ ጀመረው፣ ጎግል ፕሌይም በ2022 የዳታ ደህንነት የሚል ክፍል አስገባ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን የሚሞላው ራሱ ዴቨሎፐሩ ነው፣ ያወጀውን ሁሉ የሚፈትሽለት ሰው የለም። ሌላው እኛ ጋ ያለው ጉድ ደግሞ ስንቱ ሰው ነው አፕ ከስቶር የሚያወርደው? ኤፒኬው (የአፑ መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ይላካል፣ በዜንደር ከስልክ ስልክ ይተላለፋል፣ የስቶሩን ገጽ ያላየ ሰው ሠንጠረዡን ከየት ያየዋል። ስለዚህ እሱን ሞልታችሁ ሥራው አለቀ ካላችሁ ግማሹ ተጠቃሚ ጋ ላይደርስ ይችላል፣ አጭሩን ጽሑፍ አፑ ውስጥም አስገቡት።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፣ ፊደላችን በትንሽ ሳይዝ ሲሆን ይሰቃያል። ጠ እና ጡ፣ ጨ እና ጬ ርካሽ ስክሪን ላይ አይለዩም፣ በተን ላይ ደግሞ ጭራቸው ይቆረጣል። በእንግሊዝኛ የተለካ ዲዛይን ላይ አማርኛ ከመክተት በአማርኛ ለኩት። ሰውን «አንተ» እያላችሁም አትጻፉ፣ ትልቅ ሰው ያነበዋል፣ «እርስዎ» በሉ።

ልክ ሲወሰድ የሚጠይቀው

እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው። ካሜራው ሊከፈት ሲል፣ ሎኬሽኑ ሊወሰድ ሲል፣ እዛው ላይ ይነግራል ይጠይቃል። ስልኩን መጀመሪያ የከፈተው ሻጭም በዛች ሰዓት የለም፣ የያዘው ባለቤቱ ነው።

አንድሮይድ ከ6ኛው ቨርዥን ማለትም ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ አፑ ሥራ ላይ እያለ ፐርሚሽን (ፈቃድ) ይጠይቃል፣ 11ኛው ላይ «ለአሁን ብቻ» የሚል ምርጫ ተጨመረ። እዚህ ጋ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ አንድሮይድ ላይ የፐርሚሽኑን ጽሑፍ እናንተ አትጽፉትም፣ ሲስተሙ የራሱን ያወጣል፣ ለምን እንደሆነ አይናገርም። አይፎን ላይ ግን ምክንያቱን ዴቨሎፐሩ ይጽፋል። ስለዚህ አንድሮይድ ላይ ከሲስተሙ ጥያቄ በፊት የራሳችሁን አጭር ስክሪን አስቀድሙ። ሁለተኛ፣ ከ11 ወዲህ ሰውየው ሁለቴ ከከለከለ ሲስተሙ ድጋሚ አያወጣውም፣ ሴቲንግ ገብቶ ካላስተካከለ በቀር። አፑ ገና ሲከፈት አምስት ፐርሚሽን በአንዴ መደርደር ለዚህ ነው ኪሳራ የሚሆነው፣ ሰው ይደነግጣል፣ ይከለክላል፣ በኋላ በትክክል ሲያስፈልጋችሁ በሩ ተዘግቷል።

ለምሳሌ የባጃጅ መጥሪያ አፕ ሰርታችሁ ይሁን። መጥፎው «የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት ሎኬሽንዎን እንጠቀማለን» ይላል። የተሻለ ማለት ምንድነው? ማንም አያውቅም። እንዲህ ብትሉስ፦

«ባጃጁ የት እንደሚያገኝዎት እንዲያውቅ አሁን ያሉበትን ቦታ ለሾፌሩ እናሳየዋለን። ጉዞው ሲያልቅ እናቆማለን። ካልፈለጉ ሰፈሩን ይጻፉልን።»

ከስሩ ሁለት እኩል የሆኑ በተኖች፣ «አሳይ» እና «እጽፋለሁ»። ቧንቧ ውሃ ወይ ሰኞ ገበያ ብሎ የጻፈ ሰውም ባጃጁን ያገኛል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ምን፣ ለማን፣ እስከ መቼ፣ ካልሆነስ የሚሉት ሁሉ አሉባት።

የቴሌግራም ቦት ለሚሰሩ ደግሞ ይሄ በነፃ ነው። ሰው ስታርት ሲል ቦቱ ስሙን፣ ዩዘርኔሙንና መለያ ቁጥሩን ያገኛል፣ ስልክ ቁጥሩን ግን ራሱ አካፍል ብሎ ካልተጫነ አያገኝም። ከዛ በተን በላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው ሥራችሁ። የፋይዳ ወይ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ላኩ የምትሉ ግን ቆም በሉ፣ ፎቶውን ማን ያየዋል፣ ከታየ በኋላ ይጠፋል ወይ? ይሄን ሳይነግሩ በቴሌግራም መታወቂያ መቀበል በጣም ተለምዷል፣ እኔ አይመቸኝም።

ጉድለቱ፣ ሲበዛ ያሰለቻል። በየደቂቃው የሚጠይቅ አፕ ሰውን ሳያነብ እሺ ማለት ያስለምደዋል። ሰው የማይጠብቀውን ነገር ስትወስዱ ጠይቁ፣ የሚጠበቀውን (የካሜራ አፕ ካሜራ ሲከፍት) በአጭሩ እለፉት።

ምልክትና መብራት

አንድሮይድ 12 እና አይፎን ላይ ማይክ ወይ ካሜራ ሲሠራ ከላይ ነጥብ ትበራለች። ጥሩ ናት፣ አታሰለችም፣ ቋንቋ አትፈልግም። ለምን እንደሚሠራ ግን አትናገርም፣ ብዙ ሰውም አያውቃትም። ስክሪን ለሌላቸው ዕቃዎች ብቸኛዋ መንገድ ልትሆን ትችላለች፣ ያኔም ዕቃው ላይ ወይ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ «ይቺ ስትበራ እየቀዳ ነው» ተብሎ ይጻፍ።

ኤስኤምኤስ፣ ዩኤስኤስዲ እና ድምፅ

ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ስንመጣ ጨዋታው ይቀየራል። ኤስኤምኤስ ላይ በላቲን 160 ፊደል ይገባል፣ በአማርኛ ግን 70 ብቻ ነው፣ ካለፈ ሁለት ሜሴጅ ሆኖ ይከፈልበታል። 70 ፊደል ይበቃል ወይ? ይበቃል፣ ይኸው ለክሊኒክ ቀጠሮ፦

«ስምዎንና ስልክዎን ለቀጠሮ ብቻ እንይዛለን። ለሌላ አንሰጥም። ለማስጠፋት 2 ይላኩ።»

ክፍተቱም ተቆጥሮ 52 ነች። እንዲያውም ማጠሩ ያስገድዳችኋል፣ የተሻለ አገልግሎት ምናምን የምትሉበት ቦታ የለም። የኤስኤምኤስ ሌላው ጥቅሙ ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ልጅ ማታ ሲመጣ ያነብላቸዋል። ዩኤስኤስዲ (በኮከብና በ# የሚደወለው ሜኑ) ግን ትንሽ ከቆየ ራሱ ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላም ስልኩ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ ጥያቄውን በዩኤስኤስዲ ጠይቁ፣ ማረጋገጫውን በኤስኤምኤስ ላኩ፣ ሁለቱን አጣምሩ።

ድምፅ ሰው የሚንቀው ነገር ነው፣ ለኛ አገር ግን ወርቅ ነው። አስራ አምስት ሰከንድ ንግግር በደንብ ከተጨመቀ 30 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ከአንድ ፎቶ ያንሳል። ባቲ ገበያ የከብት ዋጋ በስልክ የሚናገር መስመር ቢከፈት ማሳወቂያው መጀመሪያ መነገር ያለበት በአማርኛም በኦሮምኛም በአፋርኛም ነው፣ «ቁጥርዎን እንይዛለን፣ ካልፈለጉ 3ን ይጫኑ» ማለት ስንት ሰከንድ ይወስዳል። የሚያነበው ሰው ግን ቋንቋው አፉ ላይ ያለ ይሁን፣ ከወረቀት የሚያነብ እንግዳ ድምፅ ሰው ያጠራጥራል። አንድ ችግር አለው፣ ባጃጅ ውስጥ ወይ ሰው መሀል ጮክ ብሎ ከተናገረ ራሱ ምስጢር ያወጣል። የጤና ጉዳይ ከሆነ በድምፅ አታውጁ።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው

ካሜራና ዋይፋይ ለሚያስገቡ ሆቴሎችና ሱቆች ነው። ካሜራው የሚቀዳው ሰው አፕ የለውም፣ አልተመዘገበም፣ በራፉ ላይ ያለፈ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ፖፕ አፕ አይሠራለትም። ማሳወቂያው ከመግባቱ በፊት በዓይን ከፍታ መለጠፍ አለበት፣ ከካሜራው ስር ሳይሆን ከበሩ ላይ፣ ከገባና ከተቀረጸ በኋላ ቢያነበው ምን ይጠቅመዋል። «ካሜራ አለ» ብቻ ተብሎ የሚለጠፈው ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። ማን ያየዋል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ለማን ይደወላል፣ እነዚህን ጨምሩበት። ባቲና ከሚሴ ከሆነ ትልቅ የካሜራ ሥዕል፣ አማርኛው፣ ከጎኑ በቁቤ ኦሮምኛው። ኪው አር ኮድ ጥሩ ጭማሪ ነው፣ ብቻውን ግን ማሳወቂያ አይደለም።

ዋይፋይ ላይ ሲደርስ እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ 2017 አንድ የዋይፋይ ድርጅት ሆን ብሎ ውሉ ውስጥ 1000 ሰዓት ሽንት ቤት ማጽዳትን የመሰለ ሥራ ትሠራለህ የሚል አስገባ፣ 22,000 ሰው ተስማማ። ኔትወርክ የጠማው እንግዳ ምንም አያነብም፣ ከፓስወርዱ ጋር አብራ በምትሰጥ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፉለት።

በአንድ ዓይን

| ዓይነት | ሲወሰድ ይደርሳል? | ለማያነብ ሰው | እምቢ ማለት | ወጪ | ማስረጃ |
|---|---|---|---|---|---|
| ረጅም ፖሊሲ | አይደርስም | አይሆንም | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ | ጥሩ |
| አጭር ተደራራቢ | በከፊል | ደካማ | እንደ አሠራሩ | ትንሽ | ጥሩ |
| ልክ ሲወሰድ | በደንብ | ድምፅ ከታከለበት | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ፣ ከተመዘገበ |
| ምልክትና መብራት | በደንብ | ይሆናል፣ ካወቀው | የለም | ትንሽ | ደካማ |
| ኤስኤምኤስ | ወዲያው ተከትሎ | ልጅ ያነብለታል | ጥሩ | በየሜሴጁ | ጥሩ |
| በድምፅ | በደንብ | ከሁሉም የተሻለ | ጥሩ | መካከለኛ | ከተቀዳ |
| የግድግዳ | ከመግባት በፊት | በሥዕል | መመለስ ብቻ | በጣም ትንሽ | ፎቶ አንሱት |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ምንም ብር የሌላችሁ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይ ኮምቦልቻ ያላችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ወደ ቢዝነስ ለመቀየር የምትሞክሩ፣ አጭሩን አምስት መስመርና ልክ ሲወሰድ የሚጠይቀውን ያዙ። ሁለቱም ብር አይጠይቁም፣ ቁጭ ብሎ በአማርኛ ማሰብ ነው የሚፈልጉት። ረጅሙን በኋላ ጠበቃ ያይላችኋል።

ክሊኒክና ፋርማሲ ከሆነ ኤስኤምኤሱን ከላይ እንዳለው አድርጉ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅም በአፏ ትናገር፣ «እትዬ፣ ስልክዎን የምይዘው ቀጠሮ ላስታውስዎ ነው፣ ይሁን?» ብትል ከየትኛውም ስክሪን ይበልጣል። ምን በሽታ እንዳለበት ሜሴጅ ውስጥ አይጻፍ፣ ስልኩን ማን እንደሚያነበው አታውቁም።

ዕቁብ፣ ዕድር ወይ ብድር ነክ አፕ የምትሠሩ ደግሞ የስልክ ማውጫውን በሙሉ አትጠይቁ። የትኛውም ማሳወቂያ ይሄን አያስተካክለውም፣ ምክንያቱም ማውጫው ውስጥ ያሉት ሰዎች ማንም አልጠየቃቸውም። ተያዥ ካስፈለገ ሰውየው ራሱ ሁለት ቁጥር ያስገባ፣ ለሁለቱም ኤስኤምኤስ ሂዶ «ተያዥ ተብለዋል፣ ካልፈለጉ 2» ይባሉ። ጥሩ ብር ካላችሁ ደግሞ ምን እንደያዛችሁ የሚያሳይና እዛው የሚያጠፋ አንድ ገጽ አፑ ውስጥ ጨምሩ፣ በየስድስት ወሩ «አሁንም ሎኬሽንዎን እንጠቀማለን፣ ይቀጥል?» ብላችሁ አስታውሱ፣ ከዛ የድምፁን ሥራ በሦስቱ ቋንቋ አሠሩ። ይሄን ገጽ ቀድማችሁ ሰርታችሁ ኦሮምኛውን ለኋላ ካቆያችሁት ግን ብሩ የሄደው ለማይፈልገው ሰው ነው።

የመረጣችሁትን ስትሞክሩ አፕ የሚሠራ ጓደኛችሁ ጋ አትሂዱ፣ እሱ ሁሉንም ያውቀዋል። ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ለማታውቁት ሰው አሳዩትና ስልኩን መልሳችሁ ተቀበሉት፣ ከዛ ሦስት ነገር ጠይቁት፣ ምን ወሰድንብህ፣ ለምን፣ እምቢ ብትል ምን ይሆናል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካልመለሰ ጽሑፉን ቀይሩ። ሦስተኛውን «አፑ አይሠራልኝማ» ብሎ ከመለሰ ጽሑፉን አትንኩት፣ መቀየር ያለበት በተኑ ነው።